መሬት የማይነካው መስመር

የዓለምን ካርታ ስንዘረጋ ዓይናችን የሚያርፈው አገርና ከተማ ላይ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን አንዲት ደሴት እንኳ የማይነካ መስመር ነው።

ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 60 ዲግሪ ላይ ምድርን የሚዞረው የኬክሮስ መስመር የሚያልፈው በውሃ ላይ ብቻ ነው። የሰሜን አቻው እነ ኦስሎን፣ ሄልሲንኪንና ሴንት ፒተርስበርግን በአጠገቡ ይዟል። የደቡቡ ግን 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ብቻ! ነፋሱን የሚገታ ተራራ፣ ማዕበሉን የሚሰብር ዳርቻ የለም። መርከበኞች ወደ ደቡብ በዘለቁ ቁጥር "አርባዎቹ ያገሳሉ፣ ሃምሳዎቹ ይቆጣሉ፣ ስድሳዎቹ ይጮኻሉ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ነፋሱ ሳይሆን ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1959 ዓ.ም. 12 አገሮች ዋሽንግተን ላይ የአንታርክቲካን ስምምነት ሲፈርሙ፣ ስምምነቱ የሚሠራው ከዚህ መስመር በስተደቡብ ነው አሉ። የአንታርክቲክ ክበብ የሚባለውን፣ 66 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያለውን መስመር ቢመርጡ ኖሮ የአህጉሩ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ከሕጉ ውጭ ይቀር ነበር።

ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ሆኖም አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት አብረው ፈረሙ። ሰባት አገሮች ደግሞ "ይህ የአህጉሩ ክፍል የእኔ ነው" ይሉ ነበር። የእንግሊዝ፣ የአርጀንቲናና የቺሊ ይገባኛል ባይነት እርስ በርሱ ይደራረባል። ስምምነቱ ለማንም አልፈረደም። ክርክሩ ባለበት ይቁም፣ አዲስ ጥያቄም አይነሣ አለ። የጦር ሰፈር፣ የኑክሌር ፍንዳታና የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻም ተከለከሉ። በእኔ ግምት ብልሃቱ ያለው ግን በቁጥጥሩ ላይ ነው፦ በስምምነቱ ድምፅ ያላቸው አገሮች አንዱ የሌላውን ጣቢያ በማናቸውም ጊዜ ገብቶ መፈተሽ ይችላል። መተማመን ለሌላቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው ተጨማሪ ሰነድ ከሳይንስ ምርምር በቀር ማዕድን መፈለግንና ማውጣትን ከለከለ። ከኦገስት 2011 ጀምሮ ደግሞ መርከቦች ከመስመሩ በስተደቡብ ከባድ የነዳጅ ዘይት መጠቀምም ሆነ መጫን አይፈቀድላቸውም፤ ይህ ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከፈሰሰ ቶሎ አይጠፋምና።

በባሕሩ ላይ አጥር ወይም የኬላ ጠባቂ የለም። ካፒቴኑ መስመሩን ማለፉን የሚያውቀው በመሣሪያው ላይ ቁጥሩ ከ59 ወደ 60 ሲዞር ነው።