ጃኬቱና የቆዳ ቦርሳው

የህንዷን አምሪትሳር የሚጎበኝ እንግዳ ወርቃማውን ቤተ መቅደስ አይቶ ዋጋህ ወደተባለው ድንበር ይገሰግሳል፤ የህንድና የፓኪስታን ወታደሮች እግራቸውን እስከ ግንባራቸው እያነሡ ሲፎካከሩ ለማጨብጨብ። ያ ድንበር ሲሰመር ሕዝቡ ምን እንደደረሰበት የሚያሳየው የክፍፍል ሙዚየም ግን ከቤተ መቅደሱ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። እሱን ዘሎ ድንበር መሮጥ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለቅሶ ቤት ሳይገቡ ድንኳኑን እንደ ማድነቅ ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ህንድን ለሁለት ከፍላ ስትወጣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ። ድንበሩን ያሰመረው ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ የማያውቅ ጠበቃ ነበር፤ የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ያህል። ነጻነቱ ኦገስት 15 ሲታወጅ መስመሩ ገና ይፋ አልሆነም፤ የወጣው በ17 ነው። በመሀሉ ስንቱ የድንበር አካባቢ ነዋሪ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ ሳያውቅ አደረ! ሙዚየሙም መታሰቢያውን የሚያከብረው በ15 ሳይሆን በ17 ነው።

ሙዚየም ሲባል ብዙ ሰው ዘውድና ጎራዴ ይጠብቃል። እዚህ የሚበልጠው አንድ ፉልካሪ በሚባል ጥልፍ የተሠራ ጃኬትና አንድ የቆዳ ቦርሳ ነው። ጃኬቱ የሁለት ዓመት ወንድሟን ይዛ ከጉጅራንዋላ ከተማ የሸሸች ወጣት ንብረት ነው። ቦርሳው ደግሞ ሦስት ወንድሞቹ ተገድለውበት ከሚያንዋሊ ከተማ ያመለጠ ሰው ንብረት፤ የትምህርትና የንብረት ወረቀቱን የያዘበት። ሁለቱ ከክፍፍሉ በፊት ታጭተው ነበር። አምሪትሳር መጠለያ ውስጥ ምግብ ለመቀበል ተሰልፈው ተገናኙ፤ በ1948 ተጋቡ።

ጃኬቱን ገበያ ብታወጡት እንደማንኛውም አሮጌ ልብስ ነው። ማን እንደያዘውና ከየት እንደመጣ ካልተጻፈበት ሙዚየም ውስጥም ያው ነው። ስለዚህ የስደት መታሰቢያ የሚያቅዱ ሰዎች መጀመሪያ ስለ ጣሪያው ቅርጽ ሲከራከሩ ስሰማ ይገርመኛል። በጸሐፊዋ ኪሽዋር ዴሳይ የተመራው የሙዚየሙ ቡድን ከየቤተሰቡ ዕቃና ደብዳቤ ለመነ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ቀረጸ። ጊዜው ጠቦ ነበር፦ በ1947 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ሙዚየሙ በ2017 ሲከፈት 80 ሞልቶታል። ቤቱማ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ የቅኝ ግዛት ዘመን ማዘጋጃ ቤት። በ2023 ዴልሂ ላይ ሁለተኛውን ሲከፍቱም የገቡት አሮጌው የዳራ ሺኮህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።