ለአንዲት እሑድ የሚቀለስ ጎጆ

እሑድ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ነገር አለን። ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ቡና አፍልቶ፣ ከጎረቤት ተጨዋውቶ የሳምንቱን ድካም መርሳት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እርግጥ ነው፤ ለሠራተኛዋ እናት እሑድም ቢሆን ልብስ የሚታጠብበት፣ በርበሬ የሚቀነጠስበት ቀን እንጂ ሙሉ ዕረፍት አይደለም። ቢሆንም በራሷ ቤት፣ ከራሷ ልጆች ጋር ናት። በዛሬው ጽሑፋችን ግን የራሳቸው ቤትም ደጃፍም የሌላቸው፣ ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ትተው የሄዱ ሴቶች እሑድን እንዴት እንደሚያሳልፉት ልናጫውታችሁ ወደናል። ቦታው ሩቅ ነው፤ በደቡብ ቻይና ጠረፍ የምትገኘው ሆንግ ኮንግ ናት። ጉዳዩ ግን ከቤታችን እምብዛም የራቀ አለመሆኑን ጽሑፉን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆንግ ኮንግ እስከ 1997 ድረስ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ቆይታ ለቻይና የተመለሰች፣ 7 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የንግድና የባንክ ከተማ ናት። መሬቷ ጠባብ በመሆኑ ሕዝቧ የሚኖረው ወደ ሰማይ በተመዘዙ ፎቆች ውስጥ ነው። ባልም ሚስትም ከማለዳ እስከ ማታ በሥራ ላይ ይውላሉ። ታዲያ ሕፃኑን የሚያሳድገው፣ አዛውንቱን የሚጦረው፣ ራት አብስሎ የሚጠብቀው ማነው? ቢባል መልሱ በብዙ ቤቶች አንድ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት። ዛሬ በዚያች ከተማ ከ3 መቶ ሺህ በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ይገኛሉ። ከግማሽ የሚበልጡት ከፊሊፒንስ፣ የቀሩት አብዛኞቹ ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው። ፊሊፒናውያኑ በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ በ1974 የወጣው የአገራቸው የሠራተኛ ሕግ ዜጎች ውጭ አገር ሄደው እንዲሠሩ በር መክፈቱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር።

በካርቶን የታጠረ ሳሎን

እሑድ ጠዋት ሴንትራል ወደሚባለው የከተማይቱ የባንክና የቢሮ ሠፈር ብቅ ያለ ሰው ያልጠበቀውን ያያል። በሥራ ቀን ከረቫት ያሰሩ ነጋዴዎች የሚጣደፉበት የቻተር መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቋል። በስታቹ አደባባይ፣ በመሻገሪያ ድልድዮቹ ላይ፣ እንዲሁም በ1985 ተሠርቶ ባለቀው የሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ባንክ ፎቅ ሥር ባለው ክፍት ቦታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጭነት የመጣበትን ካርቶን ዘርግተው ወለል ያደርጉታል፤ ሌላውን አቁመው ግድግዳ ያበጁለታል። ጫማቸውን አውልቀው ከካርቶኑ ውጭ በሥርዓት ይደረድራሉ። ያች ካርቶን ለዚያች ቀን ቤታቸው ናትና በጫማ አይገባባትም።

በዚያች ጎጆ ውስጥ ምን ይሠራል? ሩዝና ወጡ በየዕቃው መጥቶ በጋራ ይበላል። አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትቆርጣለች፤ ሌላዋ ጥፍር ትቀባለች። ካርታ የምትጫወት አለች፤ ጊታር የምትመታ አለች፤ የጸሎት መጽሐፍ የምትገልጥ አለች። ከወዲያ ማዶ በሰልፍ ቆመው ዳንስ የሚለማመዱ ይታያሉ። ካርቶን ላይ ተንበርክካ ሳሙናውን፣ ቆርቆሮ ሥጋውን፣ የልጅ ጫማውን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ሳጥን የምትከት እናትም አትጠፋም። ባሊክባያን የሚሉት ይህ ሳጥን በመርከብ ተጭኖ አገር ቤት ይገባል። እናት ልጇን ማቀፍ ባትችል የልጇን እግር ልክ በሐሳቧ ለክታ ጫማ ትልካለች። የልጅ እግር ግን መርከብ አይጠብቅም።

ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው በቪክቶሪያ መናፈሻ ደግሞ ኢንዶኔዥያውያኑ ይሰበሰባሉ። ቁርዓን የሚቀሩ፣ ስለ ሠራተኛ መብት የሚወያዩ፣ መጻሕፍት በሻንጣ ጎትተው እያመጡ ለጓደኞቻቸው የሚያውሱ አሉ። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ማታ ማታ ሥራቸውን ጨርሰው አጫጭር ታሪኮችን የሚጽፉና መጽሐፍ ያሳተሙም ይገኙባቸዋል።

«ለመሆኑ ቤት እያለላቸው ለምን ጎዳና ላይ ይቀመጣሉ?» ትሉ ይሆናል። የሚያድሩበት ቤት የአሠሪያቸው ነው። ከ2003 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ቤት የማደር ግዴታ አለባት። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከልጆቹ ጋር የምትተኛ፣ ሳሎን ወለል ላይ ወይም ማድ ቤት ውስጥ የምታነጥፍም አለች። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ውስጥ የዕረፍት ቀን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይቻልም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እያየች ዝም አትል፤ ሳህኑ ተደርድሮ እያየች አታልፍ። ስለዚህ ዕረፍት ማለት ከቤት መውጣት ሆነ። ደመወዟን ለልጆቿ የምትልክ ሴት ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጣ ገንዘብ አታባክንም። የቀረላት የአደባባዩ ድንጋይ ነው።

ዘውድና ካሜራ

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ሁሉ ስንነግራችሁ ለኀዘን ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ተፈጥሮው ነውና በጠባብ ቦታም ቢሆን የሚያምር ነገር ሳይሠራ አይኖርም። እነዚህ ሴቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ የዘፈንና የዳንስ ቡድን ያደራጃሉ፤ የቁንጅና ውድድር ሳይቀር ያዘጋጃሉ። ስድስት ቀን ሽርጥ አሥራ የምትውል ሴት በሰባተኛው ቀን ረጅም ቀሚስ ለብሳ ዘውድ ትደፋለች። ቤቢ ሩት ቪላራማ የተባለች የፊሊፒንስ የፊልም ዲሬክተር ይህን ታሪክ «የእሑድ የቁንጅና ንግሥት» የሚል ትርጉም ባለው ፊልም አቀረበችው፤ ፊልሙም በ2016 በማኒላ ከተማ የፊልም በዓል የምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ። የቁንጅና ውድድር ለሴት ልጅ ክብር ነው ወይስ አይደለም? የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሳም። ለእነዚህ ሴቶች ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ስሟን ጠርቶ ያላጨበጨበላት ሴት በዚያች ቀን ስሟ ሲጠራ ትሰማለች።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካው የአንዲት ወጣት ታሪክ ነው። ዛይዛ ክሩዝ ባካኒ በ1987 በፊሊፒንስ፣ ኑዌቫ ቪዝካያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ተወለደች። እናቷ ጆርጂያ ልጆቿ ገና ትናንሾች ሳሉ ለሥራ ወደ ውጭ ስለ ሄደች፣ የመጀመሪያ ልጅ የሆነችው ዛይዛ ታናናሾቿን የመጠበቅ ኃላፊነት ወደቀባት። ዕድሜዋ 19 ሲሞላም ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረችና እናቷ በምትሠራበት ቤት እሷም የቤት ሠራተኛ ሆነች። እናት ከልጇ ለዓመታት ተለይታ ቆይታ በመጨረሻ የተገናኙት በሰው ማድ ቤት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ዛይዛ ከአሠሪዋ ገንዘብ ተበድራ ካሜራ ገዛች። በዕረፍት ቀኗና ለመላላክ በወጣች ቁጥር የከተማይቱን ሕይወት በጥቁርና ነጭ ማንሳት ጀመረች። መንገድ ጠራጊውን፣ በዝናብ የሚሮጠውን፣ በመስኮት አሻግሮ የሚያየውን ሁሉ ቀረጸች። በደል ደርሶባቸው መጠለያ የገቡ የሙያ ጓደኞቿንም ፎቶግራፍ አነሳች። ሥራዋ በ2014 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ታተመ። በ2015 ማግነም የተባለው የፎቶግራፍ ፋውንዴሽን በሰጣት የትምህርት ዕድል ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። አሥር ዓመት ያህል የቆየችበትን የቤት ሠራተኝነት ትታም ሙያተኛ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነች። በ2018 ያሳተመችው መጽሐፍ «እኛ እንደ አየር ነን» የሚል ርዕስ ያለው ሲሆን፣ የእናቷንና የሌሎች ስደተኛ ሠራተኞችን ሕይወት የሚያሳይ ነው። አየር አይታይም፤ ከጠፋ ግን ማንም አይኖርም።

አንድ ነገር ግን እንዳንስት። ዛይዛ ተሰጥዎ ነበራት፤ ተሰጥዎዋን ሥራ ላይ ያዋለችው ግን ነፃ ሰዓት ስለ ነበራትና ያበደራት ሰው ስላገኘች ነው። ከእነዚያ ከ3 መቶ ሺህ ሴቶች መካከል ካሜራ፣ ብዕር ወይም መርፌና ክር ቢይዙ ተአምር ሊሠሩ የሚችሉ ስንት ይሆኑ?

ሕግ ያለውና የጎደለው

በሆንግ ኮንግ ሕግ መሠረት የቤት ሠራተኛ ከሰባት ቀን አንድ ቀን፣ ሃያ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ የማረፍ መብት አላት። ይህን በቂ ምክንያት ሳይኖረው የሚከለክል አሠሪ እስከ 50 ሺህ የሆንግ ኮንግ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ውሏ የሁለት ዓመት ሲሆን የተጻፈና በመንግሥት የታወቀ ነው። ዝቅተኛ ደመወዟም በመንግሥት ይወሰናል፤ በ2024 የተወሰነው በወር 4,990 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነበር። እሑድ እሑድ የምናየው የካርቶን ከተማ የቆመው በዚህች አንዲት የሕግ አንቀጽ ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን በደል የለም ማለት አይደለም። ከ1987 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ውሏ የተቋረጠባት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩን ለቃ መውጣት አለባት። ይህን የምታውቅ ሴት ብትበደልም ችላ መቀመጥን ትመርጣለች። ሌላው የውጭ አገር ሰው ሰባት ዓመት ሲኖር ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ሊያመለክት ሲችል፣ የቤት ሠራተኛ ግን ሃያ ዓመት ብትኖር ይህ ዕድል እንደማይሰጣት በ2013 የከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ሰሚ ችሎት ወስኗል። በ2014 ደግሞ ኤርዊያና ሱሊስቲያኒንግሲህ የተባለች ኢንዶኔዥያዊት ወጣት በአሠሪዋ ተደብድባ አካሏ ቆስሎ ወደ አገሯ መላኳ ዓለምን አስቆጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ በሺህ ሆነው አደባባይ ወጡ፤ አሠሪዋም በ2015 የስድስት ዓመት እሥራት ተፈረደባት። ያን ሰልፍ ያደራጁት እነማን ነበሩ ቢባል፣ እሑድ እሑድ ካርቶን ላይ ሲተዋወቁ የኖሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው።

የእኛስ ልጆች? የእኛስ ቤት?

እስያ ሲባል ሩቅ ምሥራቅ ብቻ አይደለም። ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይም በእስያ ምድር ያሉ ከተሞች ናቸው። በየሠፈራችን ልጇን፣ እህቷን ወይም የጎረቤቷን ልጅ ወደ እነዚህ አገሮች ያልሸኘች እናት ብትፈለግ ማግኘት ያስቸግራል። በነዚያ አገሮች ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር አስሮት ኖሯል። የዕረፍት ቀን በጽሑፍ ቢኖር እንኳ በሩ የሚከፈተው በአሠሪው ፈቃድ የሆነባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲናጋ በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉትን እህቶቻችንን አንረሳም።

ያም ሆኖ ልጆቻችን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መውጣት የሚፈቀድላቸው በቤይሩት ዶራ በሚባለው ሠፈር እሑድ ይገናኛሉ፤ ጠላና እንጀራ ይናፍቃሉ፤ ገንዘብ አዋጥተው የታመመችውን ያሳክማሉ። በ2017 እዚያው ሊባኖስ ውስጥ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የሚል ማኅበር አቋቁመው በችግር ላይ ላሉ እህቶቻቸው ደርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ተረት ባሕር ተሻግሮም ሠርቷል።

አሁን ደግሞ፣ ውድ አንባቢያን፣ ፊታችንን ወደ ራሳችን ማድ ቤት እንመልስ። እናንተ ቢሮ፣ ፋብሪካ ወይም ሱቅ ስትውሉ ሕፃኑን የያዘችላችሁ ልጅ ማን ናት? ከገጠር መጥታ፣ እናቷን ትታ፣ የእናንተን ልጅ አዝላ የምትውል አይደለችምን? በአገራችን የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ ስላደረገ፣ እሷን በቀጥታ የሚጠብቃት አንቀጽ በዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ የዕረፍት ቀኗ ሕግ ሳይሆን የእናንተ ህሊና ነው። ልጃችን በቤይሩት በሩ እንዲከፈትላት የምንጸልይ ከሆነ፣ በእኛ ቤት ያለችውም የሌላ እናት ልጅ መሆኗን ማሰብ ይገባናል።

አዎን፣ ሠራተኛ እናት ራሷ ደካማ ናት፤ እሑድ የእሷም ብቸኛ ቀን ነው። ይህን እናውቃለን፤ ችግሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ባልም ሕፃን መያዝ ይችላል፤ ትላልቆቹ ልጆችም ሳህን ማጠብ አያቅታቸውም። ቀኑ እሑድ መሆኑም ግዴታ አይደለም፤ ቅዳሜም ሮብም ይሆናል። ቁም ነገሩ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ እንግዳ መጣ ተብሎ የማይነጠቅ የራሷ ቀን መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ማታ ትምህርት ቤት ትመዝገብ፤ ስፌት ትማር፤ ጓደኞቿን ታግኝ፤ ወይም ዝም ብላ ትተኛ። ምርጫው የእሷ ነው።

ከሆንግ ኮንግ ሴቶች የምንማረው ይህንኑ ነው። ቤት ባይኖራቸው በካርቶን ጎጆ ቀለሱ፤ ጎጆዋን ግን ያቆመቻት ማንም የማይነካት አንዲት ቀን ናት። እናንተስ፣ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ላለችው ልጅ የትኛውን ቀን ትሰጧታላችሁ?