ከጀማ ማዶ እስከ ኒው ዮርክ

በ1911 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አሜሪካ ገቡ። የቡድኑ መሪ ደጃዝማች ናደው ሲሆኑ፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና ከጀማ ወንዝ ማዶ የመርሐቤቴ ተወላጅ የሆኑት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረዋቸው ነበሩ። ኅሩይ በኋላ ብላቴን ጌታ ተብለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ናቸው። ሥራቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል ላደረጉት የደስታ መልእክት ማድረስ ነበር። በዚያው ሰኔ ሁለት የብሪታንያ አብራሪዎች አትላንቲክን መሀል ላይ ሳያርፉ በአውሮፕላን ተሻግረው ነበር። ያረፉት ግን አየርላንድ ውስጥ፣ ረግረግ ላይ በአፍንጫቸው ተተክለው ነው። ለመንገደኛ የነበረው አማራጭ መርከብ ብቻ ነበር።

ስለ እነዚህ መርከቦች ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ታይታኒክን ነው። በቀጠሮ የሚመላለሱት የመርከብ መስመሮች ታሪክ ግን የሚጀምረው ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሸራ መርከብ ነው። እስከዚያ ድረስ መርከበኛ እንደ መናኸሪያ አውቶቡስ ጭነቱ እስኪሞላ፣ ነፋሱም እስኪመቸው ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1818 ጄምስ ሞንሮ የተባለች መርከብ በረዶ እየጣለ ከኒው ዮርክ ወደ ሊቨርፑል ተነሣች። ብላክ ቦል የተባለው ኩባንያ «ሞላም አልሞላም በቀኑ እነሣለሁ» ብሎ አስታውቆ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1840 ኩናርድ ያንኑ ሐሳብ በእንፋሎት መርከብ ያዘው፤ መነሻው የብሪታንያ መንግሥት የፖስታ ውል ነበር። ኅሩይ አሜሪካ በሄዱበት ዓመት የባሕሩን የፍጥነት ክብር የያዘችው የኩናርዷ ሞሬታኒያ ነበረች። አትላንቲክን ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ታቋርጥ ነበር። ለዚህም በቀን ወደ 1,000 ቶን ከሰል ትበላ ነበር፤ ያን ሁሉ ከሰል ወደ ምድጃው የሚያጎርሱት ደግሞ አካፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ።

በጋዜጣ የሚወጣው የአንደኛ ማዕረግ የራት ግብዣ ቢሆንም፣ ለኩባንያዎቹ አስተማማኝ ገቢ የነበረው ከታች ተጨናንቆ የሚሄደው ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ጣሊያናውያን አሜሪካ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ በሕግ በሯን ዘጋችና የጣሊያን ድርሻ በዓመት 3,845 ሰው ሆነ። ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ወደ ጎብኚ አዞሩ። የትሪየስቴው ኮሱሊክ መስመር ሳቱርኒያንና ቩልካኒያን ያሠራው በዚህ ጊዜ ነው። በናፍጣ ሞተር የሚሄዱ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 24,000 ቶን የሚጠጉ እኅትማማች መርከቦች ናቸው። አንዳንድ ክፍሎቻቸው የግል ሰገነት ነበራቸው፤ መንገደኛው ከአልጋው ተነሥቶ በራሱ ሰገነት ላይ ባሕሩን እያየ ይቀመጥ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ ወደ እኛ የመጡት በሌላ ሥራ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ መርከቦቹን ለወታደር ማመላለሻ አደረጋቸው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹና አማቹ ቻኖ፣ ሦስቱም በአውሮፕላን ቦምብ ሊጥሉብን፣ ከኔፕልስ የተነሡት በሳቱርኒያ ነበር። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋባቸውም። የመንግሥታቱ ማኅበር ሌላውን ሁሉ ከመከረ ያንን አንድ በር መዝጋት ያቃተው ለምን እንደሆነ ዛሬም ያናድዳል።

ምፅዋ የወረደው ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ፣ በመንዝ ደጋ ግርጌ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ወጣ። መንገዱን ወገን አፍርሶት ስለነበር መኪናዎቹ እስኪጠገን ቆሙ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ቀጥሎም ወደ ጂብራልታር ተጓዙ፤ ከጂብራልታር ኦርፎርድ በተባለ የመንገደኛ መርከብ ሳውዝሃምፕተን ደረሱ። ኅሩይም ተሰደዱ፤ መስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ ዐረፉ።

ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ከተሸነፈ በኋላ ሳቱርኒያና ቩልካኒያ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ነጭ ተቀብተው፣ ቀይ መስቀል ተሥሎባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ከሌሎች ሁለት መርከቦች ጋር፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን የሆኑ ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ጣሊያናውያን ሰፋሪዎችን ከአፍሪካ ቀንድ ጭነው፣ በደቡብ አፍሪካ ዞረው አገራቸው አደረሱ። የመጡበት ቦይ አጭሩ መንገድ ነበር፤ የተመለሱት አፍሪካን በሙሉ ዞረው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ሥራቸው ገቡ፤ እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ድረስ ከጣሊያን ኒው ዮርክ ይመላለሱ ነበር። በመሀሉ፣ ግንቦት 17 ቀን 1946 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ወደብ በመርከብ ገቡ። የተሳፈሩባት ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው ስትሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ ክብረ ወሰን የያዘች ናት። አምስት ዓመት ሳይሞላ በአትላንቲክ ላይ የጄት አውሮፕላን አገልግሎት ተጀመረ። መርከቧም እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ አቆመች። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ዝገት እየበላት ቆማ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከፊላዴልፊያ ወደ አላባማ ተጎተተች። ፍሎሪዳ አቅራቢያ ሰጥማ የዓሣ መኖሪያ እንድትሆን ነው።