ሕፃኑ ከጀርባ ወርዶ ይንቀሳቀስ፦ የሚዛን ስሜትና የልጆች ዕድገት

የዛሬው ትምህርታችን ሕፃናት ሚዛናቸውን መጠበቅ እንዴት እንደሚማሩና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ ይመለከታል።

ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ተግባራት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላም ስሜት አለ፤ እርሱም የሚዛን ስሜት ነው።

የሚዛን ስሜት የት ይገኛል?

የሚገኘው በጆሯችን ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጠለቅ ብሎ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ እንደ ቀለበት የተጠማዘዙ፣ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ለአንጎል መልእክት ይደርሰዋል። ግማሽ ውኃ ያለው ጀሪካን ተሸክመን ስንሄድ በድንገት ብንቆም ውኃው ወዲያው ጸጥ አይልም። ልጆች ተሽከርክረው ሲቆሙ ምድር የምትዞርባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ አካል ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት የተሠራ ነው። ነገር ግን አንጎል የጆሮውን መልእክት ከዓይንና ከጡንቻ መልእክት ጋር ማገናኘት የሚማረው በልምምድ ነው። ልጁ አንገቱን ሲያጸና ዓይኑ ይረጋል፤ ሳይደገፍ ሲቀመጥ ሁለት እጆቹ ነጻ ይሆናሉ፤ ሲድህና ሲሄድ አካባቢውን ያውቃል። እየወደቀና እየተነሳ ይማራል።

ማዘል ጥሩ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አይሁን

እናት ልጇን አዝላ ስትሄድ ልጁ እንቅስቃሴዋ ይሰማዋል፣ ይረጋጋል። ስለዚህ ማዘልን አትተዉ። እዚህ ካኩማ ግን ጊንጡ፣ ምድጃው፣ የጋለው አሸዋና የራሽን ሰልፉ ስለሚያሰጉን ልጆቻችን ከጀርባ ሳይወርዱ ይውላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሕፃን በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታዝሎ ወይም ታስሮ መቆየት የለበትም። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ተኝቶ ይጫወት። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት መንቀሳቀስ አለባቸው።

ምን እናድርግ?

• ጠዋትና ማታ ቀዝቀዝ ሲል ምንጣፉን አራግፉ፣ ሥሩን አይታችሁ ከእሳት ርቆ በጥላ ሥር አንጥፉ፤ ልጁን በሆዱ አስተኙት። አጠገቡ ሰው ይኑር።
• እንቅልፍ ሲወስደው በጀርባው አስተኙት።
• ኩባያ ወይም ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጠርሙስ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡለት፤ ሊደርስበት ይሞክራል።
• ሰልፍ ላይም ብትሆኑ አውርዳችሁ ጭናችሁ ላይ አቁሙት። ወፌ ቆመች ማለትም ትምህርት ነው።
• ትልልቆቹ በአሸዋ ላይ በተሠመረ መስመር ይራመዱ፣ ገመድ ይዝለሉ።
• ሕፃንን በኃይል አትነቅንቁ። አንጎሉ ሊደማ ይችላል።
• በምግብ እጥረት ታክሞ የሚያገግም ልጅም ከሚሰጠው ምግብ ጋር ጨዋታ ያስፈልገዋል።

ወደ ክሊኒክ የምንሄደው መቼ ነው?

ልጆች ሁሉ እኩል አይፈጥኑም። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳወጣው፣ ጤነኛ ሕፃናት ሳይደገፉ የሚቀመጡት ከ4 እስከ 9 ወር፣ ብቻቸውን የሚሄዱት ደግሞ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሳይድሁ የሚቆሙም አሉ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብላችሁ አትጨነቁ። የሚከተሉትን ካያችሁ ግን አትዘግዩ፦

• 9 ወር አልፎት ሳይደገፍ የማይቀመጥ፣ 18 ወር አልፎት የማይሄድ፤
• ሰውነቱ በጣም የላላ ወይም የገተረ፤
• ይችለው የነበረውን የተወ፤
• ለድምፅ የማይዞር ወይም ከጆሮው መግል የሚወጣ፤
• ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ በኋላ መቆም ያቃተው። ይህ በሽታ መስሚያንም ሚዛንንም ይጎዳል።

ጄንታማይሲንን የመሰሉ መርፌዎችም፣ በተለይ መጠናቸው ሲያልፍ፣ የጆሮን የመስማትና የሚዛን ክፍል ይጎዳሉ። ስለዚህ ልጃችሁን በየመንደሩ መርፌ አታስወጉ።

በመጨረሻም፣ መሄድ የዘገየ ልጅ እርግማን የለበትም፤ ቤት ውስጥም አይደበቅ። በጊዜ የመጣ ልጅ ሰውነቱን የሚያፍታታ ልምምድ ይሰጠዋል፣ ቤተሰቡም ይማራል። ከቤታችሁ መውጣት ካልቻላችሁ የብሎካችሁን የጤና ሠራተኛ ጥሩ፤ እኛው እንመጣለን።