እባቡና ልጡ

ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ የተሻገረና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የወረደ መንገደኛ፣ ብርዱን ከኋላው ትቶ፣ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ከሚያፈራበት ሞቃት አገር ይደርሳል። እኔም በአንድ የቡና ለቀማ ወራት ለሕክምና ሥራ በዚያ ሳለሁ፣ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች በልጥ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ አንድ አረጋዊ በቃሬዛ መጡ፤ የነከሳቸውም እባብ ተገድሎ በጆንያ ተከተላቸው።

የእባቡ ሆድ አብጦ ነበርና ብሰነጥቀው ገና ያልተፈጨ እንቁራሪት ወጣ። አፉን ብከፍት ከፊት የመርዝ ጥርስ የለውም፤ ከላይኛው መንጋጋው በስተ ኋላ ግን ቦይ ያላቸው ረዘም ያሉ ጥርሶች አሉት። ሊቃውንት ክሮታፎፔልቲስ ሆታምቦያ የሚሉት፣ በሌሊት እንቁራሪት እያደነ የሚኖረው ፍጡር ነበር። ይህ እባብ የያዘውን አይለቅም፤ እያላመጠ ወደ ኋላ ጥርሶቹ ያደርሰዋል፤ ያን ጊዜም መርዙ በቦዩ እየፈሰሰ ወደ ቁስሉ ይሰርጋል። ለእንቁራሪት የተመጠነው ይህ መርዝ በሰው ላይ ከጥቂት እብጠትና ሕመም አያልፍም።

አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ልጥ ጉዳት የሌለው ነገር ስለሆነ ነው፤ በእኒህ አረጋዊ እግር ላይ ግን ምሳሌው ተገልብጦ፣ እባቡ የዋህ፣ ልጡ ጨካኝ ሆኖ ተገኘ። እግራቸው ጠቁሮና ቀዝቅዞ ነበርና እስሩን በዝግታ እየፈታሁ፣ «አባቴ፣ አይሥጉ፤ የጎዳዎት እስሩ ነው» ብላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ነገር ግን ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ2016 ለሳይንስ ዓለም ስሙ የተገለጸው የሐረና እፉኝትም ማደሪያ ነውና፣ መርዘ ቀላሉን ከመርዘ ብርቱው መለየት በጭንቅ ሰዓት ለማንም አይቻለውም። ስለዚህ የተነደፈ ሁሉ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ሳይታሰር፣ በምላጭ ሳይበጣ፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ እባቡንም ለመግደል ወይም ለመያዝ ማንም አይሞክር፣ የሞተውም ቢሆን ሊነክስ ይችላልና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መመደቡም የዚህን ሕማም ክብደት ያስረዳል።

ሌሊቱን ስጠብቃቸው አድሬ በማለዳ ብመለከት፣ የጥርሱ ነቁጥ ከመደብዘዙ የተነሣ በጣቴ ካልዳበስሁት አይታይም ነበር፤ የልጡ ሰንበር ግን እግራቸውን እንደ ቀለበት ዞሮት ነበር።