ጎርፉ ሲመጣ መድኃኒቱን ማን ያሻግረዋል?

ድሬዳዋን ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከተማይቱን ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ከፍሏታል። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ከዚራ በአንድ ወገን፣ መጋላ በሌላው ወገን ሆነው አድገዋል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለበት ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ፣ እንግዳ ሰው ወንዝ ነው ሲሉት ይስቃል። የድሬዳዋ ሰው ግን አይስቅም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ከከተማይቱ በላይ ባለው ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ሕዝቡን በተኛበት ደረሰበት። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብም ያለ ቤት ቀረ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሞቱት፣ ስለ ጠፋው ንብረት፣ በኋላም በወንዙ ዳር ስለ ተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተነግሯል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናነሣው የፈለግነው ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። ይኸውም፣ ከጎርፍ ነፍሱን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ከነካርዱ ተወስዶበት እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ምን ያደርጋል? የሚል ጥያቄ ነው።

መድኃኒቱ የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ያገኘው ሐኪም በተራ የሐኪም ማዘዣ ይጽፍለታል፤ ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ይገዛል። ነገር ግን ሕግ በቁልፍ የሚያስቀምጣቸው መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ የሚታዘዙት በልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው፤ የሚሰጡትም በመዝገብ ተጽፈው፣ ቁጥራቸው ተቆጥሮ፣ ኃላፊነት ባለው ባለሙያ እጅ ብቻ ነው። በካንሰር ሥቃይ ለተያዘ ሰው የሚሰጠው ሞርፊን ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚህም ይልቅ በብዙ ቤት የሚገኘው፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ነው።

በውጭ አገር ይህ ጥያቄ ጎልቶ የተሰማው፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ በማሪዋና ምክንያት ነው። በአገራችን የዚህን ቅጠል እርሻም ንግድም ሕግ በወንጀል ይቀጣል፤ ለሕክምና ተብሎ የሚሰጥበት ሐኪም ቤትም የለም። በአሜሪካ ግን ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሐኪም ያዘዘለት በሽተኛ እንዲገዛው ፈቅደዋል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ፣ ሱቅ ሁሉ ይዘጋ ሲባል፣ የእነዚህ በሽተኞች ነገር እንዴት ይሁን? ተባለ። የማሳቹሴትስ አስተዳደር በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ለመዝናኛ የሚሸጡትን ሱቆች ዘግቶ፣ ለሕሙማን የሚሸጡት ግን ክፍት ሆነው እንዲቆዩ አደረገ። በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች በሽተኛው ከመኪናው ሳይወርድ መድኃኒቱን እንዲቀበል፣ ሐኪሙንም በስልክ እንዲያነጋግር ተፈቀደ።

አንባቢ «ይህ ከድሬዳዋ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። የሚያገናኘው በሽታው ነው። ከዚያው ቅጠል ተጣርቶ የተሠራና ኤፒዲዮሌክስ የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት፣ ጽኑ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት እንዲሰጥ የአሜሪካ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር ፈቅዷል። በዚያ በጭንቅ ጊዜም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥባቸው ከሠጉት መካከል ልጃቸው የሚወድቅባቸው እናቶችና አባቶች ሳይኖሩ አይቀሩም። የእኛም አገር እናት የምትፈራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ የእርሷ ልጅ የሚወስደው መድኃኒት እጅግ ርካሽና አሮጌ መሆኑ ነው። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሮጌ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ይህን እንክብል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ፣ የቀድሞው በሽታው ብቻ አይደለም የሚመለሰው። መድኃኒቱን የለመደው አእምሮ ይናወጥና፣ አንዱ ግርፋት ሳያበቃ ሌላው ይከተላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘለቀ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በሐኪም ቤት ካልተገታ ይገድላል። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ በአፍንጫው ቢያሸትተው ምንም አይረዳውም። (ይህ የክብሪት ነገር እስከ ዛሬ በየሠፈሩ አለመቅረቱ ያሳዝናል። የወደቀውን በጎኑ አስተኝቶ፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ መጠበቅ ይበልጣል።)

እንግዲህ አንዲት የመጋላ እናት እንበል። ልጇ ለሦስት ዓመት ሳይወድቅ ቆይቷል። ደቻቱ ሞልቷል፤ ካርዱም እንክብሉም ከቤቱ ጋር ሄዷል። በቅርብ ወደ አገኘችው መድኃኒት ቤት ትሄዳለች።

«የኔ ልጅ፣ ያቺን ነጯን ኪኒን ስጠኝ። ልጄ ትናንት አልወሰደም።»

«እማማ፣ ያለ ወረቀቱ አልችልም።»

«ወረቀቱን ውኃ ወሰደው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ግን ያስጠይቀኛል።»

ይህ ንግግር እኛ ያሰብነው ነው፤ ነገር ግን ሕጉ እንዳለ ከተነበበ ከዚህ የተለየ መልስ የለውም። መድኃኒት ሻጩን ልንወቅሰው አንችልም። እናቲቱንም አንወቅስም። የጎደለው በሁለቱ መካከል ነው።

ሕጉስ ለምን ጠበቀ? ቢባል ምክንያት አለው። ፌኖባርቢታል በብዛት ከተዋጠ ትንፋሽ አቁሞ ይገድላል፤ ሞርፊንም እንዲሁ ነው። ሁለቱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ሞርፊን እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገው ስምምነት። እያንዳንዱ አገር በዓመት የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ገምቶ ቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የቁጥጥር ቦርድ ያስታውቃል። ስለዚህ አገራችን እንዲህ ያለውን መድኃኒት ጎደለ ብላ ከጎረቤት አገር እንደ ስንዴ በአንድ ቀን ልታስመጣ አትችልም።

ቁጥጥሩን የሠሩት ሰዎች ግን የጭንቅ ቀን እንዳለ አልዘነጉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጦርነት በደረሰበት አገር፣ የአገሩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እስኪጽፍ ሳይጠበቅ ሞርፊንን የመሰለው መድኃኒት በላኪው አገር ፈቃድ ብቻ እንዲገባ መንገድ አበጅቷል። የቪየናው ቦርድም በኮሮና ጊዜ መንግሥታት በዚሁ መንገድ እንዲጠቀሙ አሳስቧል። እንግዲህ ከአገር ወደ አገር ያለው በር ተከፍቷል ማለት ነው። እኛን የሚያሳስበን የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ እስከ ደቻቱ ማዶ። በድሬዳዋ የመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ ቅርንጫፍ አለ፤ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፤ ሳቢያን ሆስፒታል አለ። መድኃኒቱ በከተማው ውስጥ እያለ በሽተኛው ዘንድ ሳይደርስ ቢቀር ጥፋቱን በቪየና ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ጭንቅ ደግሞ በጎርፍ ብቻ አይመጣም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የተባለው የትንኝ ንዳድ ድሬዳዋን መትቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያስነክስ፣ የየጤና ጣቢያው በር በሰው ተጨናንቆ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ኮሮና ተከተለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን ታወቀ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አውቶቡሱ በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ተደረገ፤ በርከት ያሉ ክልሎችም ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገውን ጉዞ ለጊዜው አገዱ። በዚያ ወራት ሰው ሐኪም ቤትን እንደ በሽታው ምንጭ ፈርቶ ሲሸሽ ታይቷል። በየወሩ ለአንድ ከረጢት እንክብል ሲል ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚገባ በሽተኛ፣ ፍርሃቱም የመኪናው ዋጋም ተደራርበውበታል።

በዚያን ጊዜ ከችግሩ በተሻለ ሁኔታ ያለፉት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱት ናቸው ብንል አንሳሳትም። ለእነርሱ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ሁኔታው የተረጋጋ በሽተኛ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተቀብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲመጣ አድርጓል። ኮሮና ሲመጣም የብዙ ወር መድኃኒት መስጠቱ ሰፋ። ይህን ያደረገው ሚኒስቴርም፣ የተጠቀሙበት በሽተኞችም የእኛው ናቸው፤ ትምህርቱን ከሩቅ መበደር አያስፈልግም።

«የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማንም አይሰክርበትም፤ ፌኖባርቢታል ግን ይሸጣል፤ ሰውም ራሱን ያጠፋበታል» የሚል ይኖራል። ድሬዳዋ ደግሞ በኮንትሮባንድ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ ሥጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን ከዚህ እጅግ የባሰ መድኃኒት ያየ አገር ምን እንዳደረገ እንመልከት። ሜታዶን የሚባለው፣ የሄሮይን ሱሰኞች የሚታከሙበት ብርቱ መድኃኒት ነው። በአሜሪካ በሽተኛው ከክሊኒኩ መስኮት ፊት ቆሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ፣ እየታየ እንዲውጠው ሕግ ያስገድድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ግን የተረጋጋው በሽተኛ የ28 ቀን፣ ያልተረጋጋው የ14 ቀን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ተፈቀደ። ይመጣል ተብሎ የተፈራው እልቂት በዚህ ፈቃድ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቃዱ ቋሚ ሆነ። ለሜታዶን 28 ቀን ከተፈቀደ፣ ለአንድ የመጋላ ልጅ እንክብል የአንድ ወር መጠባበቂያ የሚበዛ አይመስለንም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ሕጉ ይላላ አንልም፤ ሕጉ ለጭንቅ ቀን የሚሆን በር በራሱ ውስጥ ይኑረው እንላለን። ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ የቆየ በሽተኛ ከወር ድርሻው ሌላ የአራት ሳምንት መጠባበቂያ ይያዝ። ራሱን ለመጉዳት የሚያሰጋ ወይም ቤቱ የማይታመን እንደ ሆነ ሐኪሙ ያሳጥርበት፤ ሐኪም የሚለየው ለዚህ ነው። ካርዱ ቢጠፋ ስሙ የሚገኝበት መዝገብ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ይቀመጥ። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአካባቢያቸው ማን ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ በምስጢር ይወቁ። የሚጥል በሽታ በአገራችን ገና የሚያሳፍር በሽታ ስለ ሆነ ምስጢር የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሟ በዝርዝር ወጥቶ ትዳር የሚቀርባት ልጅ ልትኖር ትችላለችና። የሞርፊኑ ነገር ግን ይለያል። በሽተኛው ከአልጋ የማይነሣ ስለ ሆነ፣ ዘመዱ በውክልና ተቀብሎ እንዲወስድለት አስቀድሞ ስሙ ይመዝገብ።

በዚህ ከተማ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመናል። ጫት ዝናብም ቢዘንብ፣ መንገድም ቢበላሽ፣ ከአወዳይ ተነሥቶ ሳይጠወልግ በሰዓቱ ይደርሳል። ሹፌሩ፣ ጫኙ፣ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። «አቦ፣ ዛሬ አልመጣም» ሲባል መስማት ብርቅ ነው። ለቅጠሉ ይህን ያህል የተዋጣለት ከተማ ለአንድ ከረጢት እንክብል የሚሆን ተሸካሚ አያጣም።

በድሬዳዋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በበልግ፣ ሁለተኛው ከሐምሌ ጀምሮ። መጠባበቂያው የሚታደልበት ቀን ከዚህ ጋር ቢስማማ፣ አንደኛው በየካቲት መጨረሻ፣ ሁለተኛው በሰኔ አጋማሽ ይሆናል። አሸዋው ገና ደረቅ ነው፤ ከመጋላ ወደ ከዚራም በእግር ይታለፋል።