ጠይብ ማለት ምን ማለት ነው?

በዘመሮ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ስንቆጥር አንድ ብረት ቀጥቃጭ አባት ነበሩ። ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ፣ «ልጄ፣ ጠይብ የሚለውን ደግሞ ጻፍልኝ፤ ሲጠሩኝ የኖሩበትን ልየው» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩት። ከሥሩም «ጠቢብ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ቃላት በጣታቸው እየነኩ አነበቡና፣ «እንዴ! በአንድ ፊደል ነው እኮ የሚለያዩት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጠይብ የመጣው ጠቢብ ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ንጉሥ ሰሎሞንን ጠቢቡ ሰሎሞን የምንለው በዚሁ ቃል ነው። ሸማኔው በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚያወጣውንም ጌጥ ጥበብ እንለዋለን። በአነጋገር «ቢ» እየላላች «ይ» ሆነችና ቃሉ ጠይብ ተባለ።

ታዲያ ምስጋናው እንዴት ስድብ ሆነ? ድሮ የሰው ክብር የሚለካው በመሬት ነበር። ከባለእጆቹ ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውምና ባለርስቱ ናቃቸው። ብረቱን በእሳት ሲያቀልጡት እያየ «ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ» ብሎ ፈራቸው። ጋብቻም ከለከላቸው። ማረሻው ሲዶለድም፣ ማጭዱ ሲሰበር ግን የሚሮጠው ወደነሱው ወናፍ ነው! ምጣዱንና እንስራውንም የሚገዛው ከነሱው ሴቶች ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ጠይብ የሚለው ስድብም በአዋጁ ተጠቅሷል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከየገበያው አልጠፋም።

በሩቅ አገርም እንዲህ የተበላሸ ስም አለ። በአውሮፓ መካከል ስሎቫኮች የሚባሉ ሕዝብ ይኖራሉ። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አገራቸው ከቼኮች ጋር አንድ ሆና ቼኮስሎቫኪያ ትባል ነበር። ስሎቫኮች፣ ሩሲያውያን፣ ፖላንዳውያን ሁሉ ቋንቋቸው ይዛመዳል፤ በአንድነት ስላቮች ይባላሉ። ብዙ ሊቃውንት ስላቭም ስሎቫክም የሚለው ስም «ስሎቮ» ከሚል ቃል መጣ ይላሉ። ስሎቮ በነሱ አፍ «ቃል» ማለት ነው። እንግዲህ ስላቭ ማለት የሚናገር፣ ንግግሩ የሚገባን ሰው ነው። ንግግሩ ያልገባቸውን ጎረቤታቸውን ጀርመንንማ «ኔሜትስ» አሉት፤ ዲዳ እንደማለት ነው። እነሱም ለሰው ስም ሲያወጡ አልራሩም!

ኋላ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ብዙ ስላቮች እየተማረኩ በባርነት ተሸጡ። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ባሪያ የሚባልበት ቃል የወጣው ከስላቮች ስም ነው። ስሙ ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ያከፋው የሰው ገበያ ነው።

ይህን ስነግራቸው የዘመሮው አባት ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ከስማቸው ቀጥሎ «ጠቢብ» ብለው ጻፉ። «ቢ»ዋ ትንሽ ተንጋዳ ነበር።